በአንድ ዋንጫ ምክንያት ጋፋት ድረስ

ከተመለስኩ ጀምሮ ያገኘኝ ሁሉ «እንዴት ነው ደብረ ታቦር?» ይለኛል። ለአንዷ ስነግራት ሌላዋ ከመሃል ትገባና «በይ ከመጀመሪያው ጀምሪው» ትላለች። ጉሮሮዬ አለቀ። ስለዚህ ለእናንተ ለእድሬ ሴቶች፣ ከአዳማ ወጥታችሁ ያንን ዳገት ለማታዩት፣ እንዳየሁት ጻፍኩት። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ፊደሉ ቢንጋደድ ልጄ ታቃናዋለች። ወሬውን ግን እንዳትነካብኝ አስምያታለሁ።

ነገሩን የማታውቁ ካላችሁ፣ ልጄ ብሌን የቀንድ ዋንጫ እየገዛች ወደ ውጭ አገር ትልካለች። ዋንጫውን የሚሠሩላት ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በሚባል ቦታ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አያ ውበቱ ትላቸዋለች። የበሬ ቀንድ ቀቅለው፣ ፍቀው፣ አለስልሰው፣ በጭድ ጠቅልለው በሣጥን ይልኩላታል። ያሁኑን ሣጥን አየር ማረፊያ ላይ ጉምሩክ ሲፈትሽ፣ ከትልቁ ዋንጫ ሆድ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ሌላ ዋንጫ ተገኘ። አሮጌ ነው። ባለሙያ ተጠርቶ ቢያየው የበሬም አይደለም፤ የአውራሪስ ቀንድ ነው።

እኔ መጀመሪያ «የአውራሪስ ቢሆንስ ምን አለበት?» ብዬ ነበር። የብሌን ጠበቃ መቅደስ አፌን አስያዘችኝ። አውራሪስ ሊያልቅ የደረሰ አውሬ ስለሆነ ቀንዱን ድንበር ማሻገር ክልክል ነው። ዕቃው አሮጌ ሲሆን ደግሞ ቅርስ ነው፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ አይወጣም። ብሌን የፈረመችው የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ግን «አዲስ የበሬ ቀንድ ዋንጫ» ይላል።

«አይተሽ ነው የፈረምሽው?» አለቻት መቅደስ።

«እሳቸው ያሸጉትን እኔ መቼ ፈትቼ አውቃለሁ?» ብላ ልጄ እንባዋ ወረደ። እኔም አብሬ።

አያ ውበቱ ጋ ተደወለ። «አዎን፣ ምራቂ ጨምሬላታለሁ» አሉ፤ መስመሩ ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲያ ቢደወል ቢደወል አይነሳም። ምራቂ! ሽንኩርት መዝናችሁ ከላይ ሁለት ፍሬ ጣል እንደምታደርጉት። ልጄን በኮንትሮባንድ ሊያስጠይቃት የደረሰው ምራቂ ነው።

መቅደስ «ይችን ቃል በፍርድ ቤት፣ በቃለ መሐላ እፈልጋታለሁ» አለች። ብሌን መርማሪ በጠራት ሰዓት መቅረብ አለባት፤ ከከተማ አትውጪ ተብላለች። አባቷ በሕይወት የለም። የቀረሁት እኔ ፈሪዋ ነኝ። መቅደስ ስትሸኘኝ ሁለት ነገር አጥብቃ ነገረችኝ። «እትዬ ታደለች፣ ምን እንደሚሉ እንዳታስጠኚያቸው። ሌላው፣ ቃላቸውን ከመስጠታቸው በፊት እሳቸውንም ሊያስጠይቃቸው እንደሚችል ይነገራቸው።» የመጀመሪያውን ቶሎ ገባኝ። ሁለተኛውን ግን እንዳልሰማ ሆኜ ወጣሁ።

ሰኞ

ቦሌ ስደርስ ያቺን የመፈተሻ ማሽን አየኋት። የልጄን ሣጥን ያስያዘችው እህቷ መሆን አለባት። ቦርሳዬን ራሴ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩት። «ይሄ በርበሬ ነው፣ ለሰው ቤት የያዝኩት። ይሄ ሹራብ ነው። ይሄ የራስ ምታት ኪኒን ነው፤ ሁለቱን ውጫለሁ።»

ፈታሿ ልጅ «እናቴ፣ ማን ጠየቀዎት?» አለችኝ።

«ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

«ይለፉ በናትዎ፣ ሰልፉ ቆመ!»

አውሮፕላን ውስጥ ጎኔ የተቀመጡትን ሰውዬ እጃቸውን ይዤ ዓይኔን ጨፍኜ ጸሎቴን ጀመርኩ። እመቤቴን ለምኜ፣ ገብርኤልን ለምኜ፣ ስለት ስሳል ቆይቼ ሰውዬው «እትዬ» አሉኝ በቀስታ፤ «ገና አልተነሳንም።»

ባሕር ዳር ሙቀቱ እንደኛው ስለሆነ ደስ አለኝ። ከዚያ በሚኒባስ ሐሙሲትን አልፈን ወረታ ደረስን። ሜዳው ሁሉ ሩዝ ነው። እኛ ሩዝን ከሱቅ ነው የምናውቀው፤ እዚያ ግን እንደ ጤፍ ይታጨዳል። ወረታን አለፍ ብለን ጎማ ፈነዳ። እኛ አገር ጎማ ሲፈነዳ ተሳፋሪው ሹፌሩን ይሰድባል። እዚያ ወርደው ጥላ ፈልገው ተቀመጡ፤ አንዲት ዶሮ የያዘች ሴት ከጉያዋ የገብስ ቆሎ አውጥታ ለሁላችንም ዘገነች። ለዶሮዋም ጭምር።

ከዚያ ዳገቱ መጣ። ጆሮዬ ተደፈነ። መስኮቱ ሥር ገደል አለ፤ ገደሉ ሥር ደግሞ ሌላ ገደል አለ። ሹፌሩ በመስታወት አይቶኝ «እናት፣ ገደሉን አይዩት፣ እኔን ይዩኝ» አለ።

«እኔ አንተን አያለሁ፤ አንተ መንገዱን እይ» አልኩት። መኪናው በሙሉ ሳቀ፤ እኔ ግን ከልቤ ነበር።

ደብረ ታቦር ስንወርድ ብርዱ ጆሮዬን በጥርሱ ያዘኝ። አዳማ በጥቅምት ነጠላ ይከብደናል፤ እነሱ ጋቢ ደርበውም ትከሻቸው ከጆሯቸው አይለይም። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ስንቀጠቀጥ አይታ ፍል ውሃ በሳፋ አመጣችልኝና «እግርሽን ክተችው፤ እስኪበርድ እንዳታወጪ» አለችኝ። የክፍሉን ቁልፍ ሳትሰጠኝ በፊት እግሬን ነው የጠየቀችኝ። እኛ ጋ መታወቂያ ነው የሚቀድመው።

ማክሰኞ

ባጃጁ እስከ አንድ ቦታ አድርሶኝ «ከዚህ ወዲያ በእግር ነው» አለ። እኔ ለአዳማ አስፋልት የተገዛ ክፍት ጫማ አድርጌያለሁ። ጭቃው አንዱን ጎትቶ አስቀረብኝ። ጥላ የያዙ ቄስ ከኋላዬ ደርሰው በዘንጋቸው አወጡልኝና መስቀል አሳለሙኝ። «ጋፋትን ታውቂያታለሽ? ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩባት ናት፤ እዚያ ጋ ነው» ብለው በእጃቸው አሳዩኝ። እኔ ዓይኔ ጫማዬ ላይ ነበር። ስለ መድፉ የምነግራችሁ ይሄን ያህል ነው።

አያ ውበቱ ረዘም፣ ቀጠን ያሉ፣ ፂማቸው የነጣ፣ እጃቸው ሰፊ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እማማ እንጉዳይ አጠር ብለው ዓይናቸው ንቁ ነው። የብሌን እናት መሆኔን ስነግራቸው ግቢው ተናወጠ። ሰላምታው አያልቅም። እኛ «ሰላም ነው?» ብለን እናልፋለን። እነሱ ልጆቹን፣ ጎረቤቱን፣ ዝናቡን ጠይቀው ሲያበቁ «ከብቱስ ደኅና ነው?» አሉኝ።

«ከብት እንኳ የለንም» አልኩ።

እማማ እንጉዳይ ደንግጠው ደረታቸውን መቱ። «ምነው? ምን አገኛቸው?»

ቅቅል ድንች በአዋዜ መጣ። ያ ድንች እንደኛው ውሃ ውሃ አይልም፤ ይፈረፈራል። ጠላ መጣ። ከዚያ አያ ውበቱ ቢላ ይዘው ወደ በጉ ሲሄዱ አየኋቸው። ሮጬ ያዝኳቸው። «በጥቅምት አንድ አጥንት ሲባል አልሰማሽም?» አሉኝ፤ ለምኜ ለምኜ በጉን በዶሮ አስቀየርኩ። እየቆረሱ በእጃቸው ያጎርሱኛል። «ብሌን ባትኖር ይሄን ሁሉ ዋንጫ ማን ይገዛኝ ነበር? ጎብኚ ከቀረ ስንት ጊዜው! እጇ ይባረክ» ይላሉ።

ልነግራቸው አፌን በከፈትኩ ቁጥር ጉርሻ ገባበት። እውነቱን ለመናገር፣ ጉርሻው ባይኖርም አልነግራቸውም ነበር፤ ፈርቼ ነው። ወደ ከተማ ልመለስ ብልም «በየት አገር ነው የብሌን እናት አልጋ ቤት የምታድር?» ተብዬ እዚያው ቀረሁ።

ረቡዕ

ስልክ የሚሠራው ከቤቱ በላይ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ብቻ ነው። ጠዋት ወጥቼ መቅደስ ጋ ደወልኩ።

«ነገርሻቸው?»

«ገና ነኝ።»

«እትዬ ታደለች! ብሌን ዓርብ መርማሪው ፊት ትቀርባለች። ባዶ እጄን ይዤያት ልግባ?»

ወረድኩ። ጾም ስለሆነ እማማ እንጉዳይ ለሽሮ ሽንኩርት ይልጣሉ፤ አያ ውበቱ ቀንድ ይፍቃሉ። ትንፋሼን ሰብስቤ «አያ ውበቱ፣ የላኩላት ምራቂ ተያዘ» አልኩ።

«ማን ያዘው?»

«ጉምሩክ።»

እማማ እንጉዳይ ቀና አሉ። «የምን ምራቂ?»

ሽማግሌው ወደ ቀንዳቸው አቀረቀሩ። እኔ ሞኟ ቀጠልኩ፤ «አሮጌው ዋንጫ ነዋ፣ የአውራሪሱ።»

እማማ እንጉዳይ ቢላውን እንደያዙ ተነሡ። ጓዳ ገብተው ከምሰሶው ላይ አንድ ዋንጫ አውርደው ወደ ብርሃን ወጡ። በጥፍራቸው ፋቁት፤ አሸተቱት። «ይሄ የበሬ ነው» አሉ። «እኔ ስንት ጊዜ ነው የራሴ መስሎኝ የበሬ ቀንድ ቅቤ ስቀባ የኖርሁት? የአያቴ ዋንጫ የታለ፣ ውበቱ? ከእናቴ ቤት በእጄ ይዤው የመጣሁት የታለ?»

«ልጅቱ ባሕር ማዶ ልትሄድ ነው ብዬ ነዋ» አሉ ሽማግሌው፣ ከሚፍቁት ቀንድ ቀና ሳይሉ። «የሰው አገር መጠጥ ምን እንደገባበት ይታወቃል? ያ ዋንጫ መርዝ ከነካው አረፋ ያወጣል። ይጠብቃት ብዬ ነው።»

«አያ ውበቱ፣ ብሌን እኮ አትሄድም። ዕቃው ብቻ ነው የሚሄደው» አልኩ።

«ዕቃው ብቻውን? ያለ ባለቤቱ? ገበያ ደርሶ ማን ሊሸጠው?»

«እኔስ?» አሉ እማማ እንጉዳይ። «እኔ መርዝ ብጠጣስ?»

«አንችን ማን ይመርዝሻል?»

«እኔን ማንም። አንተ ግን ከዛሬ ጀምሮ የምትጠጣውን እያየህ ጠጣ።»

ሳቄ መጣ፤ ግን ያ ሁለተኛው የመቅደስ ነገር ገና አልተነገረም። ባልናገረው ማን ያውቅብኛል? መቅደስ ሩቅ ናት። ልጄ ልትከሰስ ነው። ግን ሰውዬው ትናንት በእጃቸው አጉርሰውኛል። «አያ ውበቱ፣ ፍርድ ቤት ሄደው ሰጥቻለሁ ቢሉ ልጄን ይጠቅማታል። እርስዎን ግን ሊያስጠይቅዎ ይችላል» አልኩና አንገቴን ደፋሁ።

ብዙ አላሰቡም። «ነገ እንሄዳለን» አሉ። «የሰጠሁትን አልሰጠሁም ልል ነው?»

ደስ ብሎኝ ከባሕር ዛፉ ሥር ወሰድኳቸውና ከመቅደስ ጋር አገናኘኋቸው። ስልኩ ድምፁ ጎላ ያለ ነው፤ ሁሉንም እሰማለሁ።

«አባቴ፣ ዋንጫው አሁን የማነው?» አለቻቸው።

«የልጅቱ ነዋ። ሰጠኋትኮ።»

«ይመለስልኝ ይላሉ ወይስ አይሉም?»

«የሰጡትን መልሶ መቀበል? የተፋውን የሚልስ ውሻ ነው፣ ልጄ።»

ስልኩን ተቀብዬ ራቅ አልኩ። መቅደስ ድምፅዋ ተለውጧል። «ባለቤቱ ብሌን ናት ካሉ፣ የራሷ የአውራሪስ ቀንድ በራሷ ሣጥን ተገኘ ማለት ነው። ሳታውቅ ነው ብዬ እከራከራለሁ፤ ግን ይከብደናል።»

«ታዲያ የኔ ነው እንዲሉ ልንገራቸው?»

«አንድ ቃል እንዳትጨምሪ! ያስጠናሻቸው ቀን ሁላችንም አለቅን።»

ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ተመለስኩ። ያንን የመሰለ ሽሮ ቀርቦ አልነካሁትም። እማማ እንጉዳይ አዩኝ። ከባላቸው ጋር አይነጋገሩም፤ ለኔ ግን «ልጅሽን ያስሯታል?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነው። ሌላ አልጠየቁኝም፤ እኔም ሌላ አልተነፈስኩም።

ሐሙስ

ስንነሳ እማማ እንጉዳይ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አድርገው በር ላይ ቆመዋል። የጠራቸው የለም። ከፊት ከፊታችን መንገድ ጀመሩ።

«ለሰውየው ንገሪው» አሉኝ ዞር ሳይሉ፤ «ፀሐይ ሳትበረታ እንድረስ።»

«ፀሐይ ሳትበረታ እንድረስ ይላሉ» አልኩ ወደ ኋላ።

«ጉልበቴን ያመኛል በያት» አሉ አያ ውበቱ።

«ጉልበታቸውን…»

«ሰምቻለሁ። ዋንጫዬን ይዞ ሲሮጥ አላመመውም በይው።»

እስከ ከተማው እንዲህ በመሃል ሆኜ ስመላለስ ደረስን። ትዳር ባዳማም ይኸው ነው፤ እኛ ግን ስንኳረፍ በር እንዘጋለን እንጂ አብረን መንገድ አንሄድም።

ፍርድ ቤቱ ውስጥ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ያስምላል፣ ቃል ይጽፋል። አያ ውበቱ እጃቸውን መጽሐፉ ላይ አድርገው ማሉ። ዋንጫውን ራሳቸው ጠቅልለው በትልቁ ዋንጫ ሆድ እንዳስቀመጡት ተናገሩ።

«ልጅቱ ታውቅ ነበር?»

«ኧረ አታውቅም። ነግሮ መስጠትማ ውለታ ማስቆጠር ነው።»

ልጽፍላችሁ አልችልም፣ ደስታዬ! ወዲያው ግን ሰውየው «ታዲያ ዋንጫው አሁን የማነው ይላሉ?» አላቸው። አያ ውበቱ አፋቸውን ከፈቱ።

«እኔም ልማል» አሉ እማማ እንጉዳይ ከኋላ።

ሰውየው መነጽሩን አወረደ። «እማማ፣ እርስዎ ምስክር ነዎት?»

«ባለቤት ነኝ።»

«የእሳቸው?»

«የዋንጫው።»

እጃቸውን መጽሐፉ ላይ ጫኑ። «ዋንጫው የአያቴ ነው። እኔ አልሰጠሁም፣ አልሸጥሁም፣ አላዋስሁም። ከምሰሶዬ ላይ መውረዱን ያወቅሁት ትናንት ነው። የሰው ዕቃ የሰጠ ሰው ሰጠ አይባልም። ልጅቱም የተቀበለችው ነገር የለም።»

«ባልዎን ሊከሱ ነው እንዴ?»

«እሱን ክስ እቤቴ እጨርሰዋለሁ። እዚህ የመጣሁት እውነቱን ላስጽፍ ነው።»

ሁላችንም አያ ውበቱን አየናቸው። ያ ቁመታቸው አጠረ። ሰው በተሰበሰበበት፣ በሚስት ፊት፣ የሚስትን ዕቃ ያለ ፈቃድ ሰጠሁ ማለት ለዚያ አገር ሽማግሌ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እውነቷን ነው» አሉ። «የሷ ነው። ሳላስፈቅዳት ነው። ይጻፍ።» አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ተጫኑ፤ ከጎናቸው እማማ እንጉዳይም ተጫኑ።

ውጭ ወጥቼ ወረቀቱን ለመቅደስ በስልክ አነበብኩላት። «ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት። «እትዬ ታደለች፣ ይሄን እኔ ፈጥሬው ቢሆን ማንም አያምነኝም ነበር» አለች። ፎቶ አንስቼ ላኩላት፤ ዋናውን ወረቀት ደረቴ ውስጥ ከተትኩት።

ዓርብ

በጠዋት ወረድኩ። ገደሉ ያው ገደል ነው፤ እኔ ግን የማስበው መርማሪውን ስለሆነ ሳላየው አለፍኩ። አውሮፕላኑ ሲነሳ የማንንም እጅ አልያዝኩም፤ ደረቴን ነበር የያዝኩት። ከቦሌ ቀጥታ ሄጄ ወረቀቱን መቅደስ እጅ ላይ አስረከብኩ። ይዛው ከብሌን ጋር ገባች። እኔ ደጅ ቁጭ ብዬ የማውቃቸውን መላእክት ሁሉ ጠርቼ ጨርሼ እንደገና ከመጀመሪያው ስጀምር ወጡ። መቅደስ «ተቀብለውታል፤ አጣርተው ይወስናሉ» አለች። ብሌን አቅፋኝ ቆመች።

ውሳኔው ሲመጣ ብሌን ሳታውቅ መሆኑ ታመነና የኮንትሮባንዱ ነገር ቀረ። ሳታይ በመፈረሟ ተቀጥታለች፤ ይገባታል። አሁን እያንዳንዱን ዋንጫ ከጭዱ ፈትታ፣ ሆዱን በመብራት አይታ ነው የምታሽገው። ሽማግሌውንም ያስጠየቃቸው የለም።

ወደ ጋፋት ብዙ ቀን ደውዬ በመጨረሻ እማማ እንጉዳይን አገኘሁ።

«ልጅሽ ዳነች?»

«ዳነች፣ እማማ!»

እልልታቸው ጆሮዬን አደነቆረው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዋንጫዬስ?» አሉ።

«ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። ከአገር አይወጣም። ባለቤት በሚለው ላይ የርስዎ ስም ነው ያለው።»

«እንጉዳይ ተብሎ ተጽፏል?»

«በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያው ሰውየውን ላናግረው» አሉ።

«እስካሁን አላናገሩዋቸውም እንዴ?»

«በምን አንደበቴ!» አሉና ስልኩን ሳይዘጉ «ውበቱ!» ብለው ተጣሩ።

ሩቅ ያለ ሰው የሚጠሩ ነበር የመሰለኝ። «አቤት!» የሚለው ድምፅ ግን የመጣው ከአጠገባቸው ነው።